አፍህን ክፈት

ባለፈው ክረምት ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ ሻንጣችን ውስጥ ካሉት መጻሕፍት ይልቅ የኮራንበት ነገር አንድ የልጅ የጥርስ ብሩሽና አንድ ኮልጌት ነበር። ኮልጌት ያልነው በልማድ ነው፤ ቱቦው ላይ የፈለገው ስም ይጻፍበት፣ ባለሱቁን የምንጠይቀው «ኮልጌት አለ?» ብለን ነው፤ እሱም ያለውን አንሥቶ ይሰጠናል። ብሩሹ ቢጫ ነው፤ እጀታው ላይ ትንሽ ዝሆን ተቀርጾበታል። የገዛነው አራት ዓመት ለሞላው ለእትዬ ልጅ፣ ለማሙሽ ነው።

«እኛ» ስንል ብዙ ሰው አይምሰላችሁ፤ አንድ ነን። ነገር ግን ደብረ ሲና ውስጥ ከስድስት ወንድምና እኅት ጋር በአንድ መደብ ላይ እየተጋፋ ያደገ ሰው «እኔ» ለማለት ምላሱ ይከብደዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ግለሰብ ነጻነት ሦስት ኮርስ ቢወስድም አይለቀውም።

አገሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ጣርማበር ላይ ይደርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ በአንድ ወገን ገብታችሁ በሌላው ስትወጡ አገር ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል፤ ጉም ካልሸፈነው ማለት ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሳይሸፍነው የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚያ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። አውቶቡሱ ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ መስኮቱ አንድ ስንዝር ከተከፈተ ቆሎው ገባ ማለት ነው። ለመንገደኛ ደብረ ሲና ማለት ቆሎ ነው። ለእኛም ያው ነው፤ እናታችን ቆሎ ቆልታ ነው ያሳደገችን። ስለዚህ በቤታችን ጥርስ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። እማማ፣ ማለት አያታችን፣ የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ሲነሣ በዓመት አይቆጥሩም። «እሱ እኮ ገና ቆሎ ይቆረጥማል» ካሉ ሰውዬው አላረጀም፤ «አሁንስ በሶ ጀምሯል» ካሉ ኑዛዜው ተቃርቧል።

ብሩሹን ያስገዛን ግን ቆሎ አይደለም። ለፈተና ስናጠና፣ ወይም ስናጠና ነው ስንል፣ ከአንድ የሕክምና ተማሪ ወዳጃችን አልጋ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ አፍ ጤና ያወጣውን ሪፖርት አግኝተን አገላበጥነው። በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ነው ይላል። ቁጥሩ እንቅልፍ ነሣን ብንል ውሸት ይሆናል፤ ነገር ግን ከ514 ሚሊዮኑ አንዱን ልናድን እንችላለን ብለን አሰብን። መግቢያ ሳይኮሎጂ ላይ ቢ አግኝተናል፤ ማሙሽም የእኛው ሥጋ ነው። ሁለት ሳምንት ይበቃል አልን።

የመጀመሪያው ቀን ማሙሽ ዝሆኑን ወደደው። ይዞት ግቢውን ዞረ፣ ለዶሮዎቹ አሳያቸው፣ ጫማውንም ጠረገበት። ብሩሹን አጥበን ወደ አፉ ስናስጠጋው ግን ከንፈሩን እንደ ዚፕ ዘጋው። «አፍህን ክፈት፣ የኔ ጌታ።» በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። በሁለተኛው ቀን ዜማ አወጣንለት፤ ራሳችን የፈጠርነው ነው፣ እዚህ አንጽፈውም፣ ኀፍረት አለን። አፉን ዘግቶ ፈገግ እያለ እስከ መጨረሻው ሰማንና «ድገመው» አለን። ለመናገር አፉን መክፈቱን ያስተዋልነው ከዘጋው በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ከረሜላ አሳየነው። ከፈተ፤ ከረሜላውን ተቀበለ፤ ዘጋ። የጥርስ ጤና ዘመቻችን በከረሜላ ተመርቆ መከፈቱን ለዚያ የሕክምና ተማሪ ወዳጃችን እስካሁን አልነገርነውም።

በአራተኛው ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ አስፈራራነው። «ካልተፋቅህ ጥርስህን ትል ይበላዋል» አልነው። እኛንም እንዲሁ ነበር የሚሉን። እማማ በልጅነታቸው የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርገው ጭሱን በአፋቸው እየታጠኑ ትሉን ያስወጡ እንደነበር ዛሬም ያወራሉ። ትል እንደሌለ እኛ እናውቃለን። ጥርስ ላይ የሚለጠፉት ባክቴሪያዎች ከምንበላው ስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ይህን ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት አድርገህ ትነግረዋለህ? ትል ይቀላል። ማሙሽ ግን ነገሩን ከጠበቅነው በላይ አጥብቆ ያዘው። «ትሉ አሁን የት ነው ያለው?» አለ። ሌሊቱን ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ እየፈለገ፣ ሳይተኛ አደረ። እትዬ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ መጣችና «ልጄን አሳበድከው!» አለችን።

በአምስተኛው ቀን የሆነውን ባንጽፈው እንወድ ነበር። እትዬ ራሷ ናት የጀመረችው። «በቃ ስጠኝ፣ መድኃኒትስ እንዲህ አይደል የሚጠጣው» ብላ ልጁን አጋደመችውና ጭንቅላቱን በጉልበቶቿ መሃል ያዘች። እኛ እጁን ያዝን። ማሙሽ ጮኸ፤ ሲጮኽ አፉ ተከፈተ፤ ብሩሹ ገባ። ሁለት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ብሎ ድዱ ትንሽ ደማ። ያኔ እትዬ ድንገት ጉልበቷን ፈታችና ብሩሹን መሬት ላይ ጥላ ወደ ማጀት ገባች። ማሙሽ እያለቀሰ ወደ እማማ ሮጠ። እኛ ግቢው መሃል ቀረን። ልጁ ስላለቀሰ አዝና ነው ብለን አለፍነው፤ ሌላ ነገር እንዳለ ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ማታ አንድ ነገር አሰብን፦ እኛንስ ማን አስተማረን?

ማንም። «በቀን ሁለት ጊዜ ተፋቅ» ያለን ሰው ትዝ አይለንም። ትዝ የሚለን አባታችን ነው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ በአፉ ጥግ መፋቂያ። ጎረቤት ይመጣል፣ እሱም በአፉ ጥግ መፋቂያ። ስለ መሬት ያወራሉ፣ ስለ ሙግት ያወራሉ፣ መሃል ላይ ጎንበስ ብለው እንትፍ ይላሉ፣ ወሬው ይቀጥላል። ሁለት መፋቂያ የያዙ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ያየ ሰው መፋቂያው ለጥርስ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ መልስ ሲጠፋ ጊዜ መግዣ ነው።

እንጨቱ እንደ አገሩ ነው። እኛ ዘንድ ወይራ የሚያህለው የለም፤ ልምጭም ጥሩ ነው፣ ክትክታም ለቸገረው ይሆናል። ከታች ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢትና ከከሚሴ በኩል የሚመጡት ደግሞ ሲዋክ ይይዛሉ፤ እሱ ከበረሃ የሚገኝ ነው፣ ለስለስ ብሎ ያቃጥላል። ወይራውን ከትንሽ ጣት ባልበለጠ ውፍረት፣ በስንዝር ርዝመት ትቆርጠዋለህ። ጫፉን ልጠህ ታኝከዋለህ፤ ጭረቱ እስኪበታተንና እንደ ጭራ እስኪሆን። ከዚያ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ ነው። ጫፉ ሲያረጅ በቢላዋ ቆርጠህ አዲሱን ታኝካለህ። አሮጌ ብሩሽ የሚባል ጣጣ የለበትም። በአዲስ አበባ ፒያሳና መርካቶ ልጆች በእስር አድርገው የሚሸጡትን ስናይ አሁንም እጃችን ወደ ኪሳችን ይሄዳል።

እኛ ልጆቹ ታዲያ እንለምን ነበር። «አባባ፣ ለእኔም ቁረጥልኝ።» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንተ ገና ነህ፤ ድድህን ትወጋለህ።» ይህን መከልከል ዛሬ ስናስበው ከሳይኮሎጂ መጽሐፋችን ሁሉ ይበልጣል። የተከለከልነውን ሰረቅን። አንድ ቀን ከአጥር ምን እንደሆነ ያላወቅነውን እንጨት ቆርጠን አኝከን አፋችን ለሁለት ቀን መረረን፤ ወተቱም እንጀራውም መረረን፤ ለማንም አልተናገርንም። በመጨረሻ አባታችን ስድስት ዓመት ሲሞላን ይመስለናል፣ የፊት ጥርሳችን ወልቆ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ወርውረን ኳ ኳ እያለ ሲንከባለል የሰማን ሰሞን፣ ኪሱ ገብቶ ቢላዋውን አወጣና የራሱን መፋቂያ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠን። ምንም አላለም። ያን ቀን እኛም ከግድግዳው ሥር ተቀመጥን፤ እንትፍ አልን፤ ወደ ሩቅም አልሄደም፣ አገጫችን ላይ ቀረ።

ነገሩ ይህ ነው። መፋቂያ ሰው ፊት ነው የሚፋቁት፤ መንገድ ላይ፣ ደጅ ላይ፣ ገበያ ላይ። ልጅ ሲያይ ይውላል። ብሩሽ ግን የጓዳ ዕቃ ነው። ትልቁ ሰው ልጁ ሳይነሣ ተጣድፎ ይቦርሻል፣ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቅለዋል፣ ይወጣል። ልጁ ብሩሽን የሚያየው ወደ ራሱ አፍ ሲመጣበት ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ሲያደርገው አይቶት የማያውቀውን ነገር ግባ ሲሉት ምን ይበል? ዛሬ የምናውቀው የናይለን ፀጉር ብሩሽ ራሱ የመጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንጆቹም ቻይናዎቹም የሚጠቀሙት የአሳማ ፀጉር ነበር። ያኔ ደብረ ሲና ባይደርስ ጥሩ ሆነ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ድምፅ ባባረሩት ነበር።

ይህን ስላልን የድሮ ናፋቂ አታድርጉን። እማማ ዕድሜ ልካቸውን በወይራ ፍቀው የፊት ጥርሳቸው እስከ ዛሬ ነጭ ነው፤ በተነቀሰው ድዳቸው ላይ ሲታይ ያምራል። የኋላ መንጋጋቸው ግን ሄዷል፤ እንጨቱ እዚያ አይደርስማ። በችኮላ የፋቀም ድዱን ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መፋቂያ ልማዱ ባለበት አገር ይበረታታ ማለቱን እናውቃለን፤ እኛም ይበረታታ እንላለን። ይሁን እንጂ የአባቶቻችንን ጥርስ የጠበቀው እንጨቱ ብቻ አይመስለንም፤ ከረሜላ አለመኖሩም ነው። ለእኛ ጣፋጭ ማለት ከቆላው የሚመጣ ጥንቅሽ ነበር፣ እሱም በወቅቱ። ማሙሽ ግን ከቤት ወጥቶ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ሱቅ አለ፤ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ። እናቱ ሥራ ስትሄድ የምታባብለው በዚያ ነው። እኛስ በምን አባበልነው?

ደግሞ ጥርሱ የቆሸሸ ሁሉ ያልፋቀ አይደለም። አብሮን ዶርም የሚያድር ወንጂ ያደገ ልጅ አለ፤ ጥርሱ ቡናማ ነው። ትንሽ ልጅ እያለ አንድ አስተማሪ ክፍሉ ፊት አቁሞ «ይህን ጥርስ ሳታጥብ ነገ እንዳትመጣ» አለው። ሄዶ በአሸዋ ፈተገው። ደማ እንጂ አልነጣም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው። ጥርሱ ገና ከድድ በታች ሲሠራ ውሃው ቀለሙን ሰጥቶታል፤ ኋላ ብሩሽ አያስለቅቀውም። ጥቂቱ ደግሞ ጥርስ ስለሚያጠነክር በየኮልጌቱ የሚጨመረው ያው ፍሎራይድ ነው። ይህ ልጅ ዛሬም ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ማሙሽ ታናሽ ወንድም አለው፤ ያኔ ሰባት ወሩ ነበር። ነሐሴ እንደገባ ተቅማጥ ያዘው። ሁለት ቀን፤ ትኩሳትም አለው፤ ለሃጩ ይፈሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። እማማ ጣታቸውን አጥበው ድዱን ዳበሱና «ያው ጥርሱ ነው፤ አብጧል። ነገ ሰውዬው ይምጣ» አሉ።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በየሠፈሩ «እጁ ጥሩ ነው» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ክራንቻው የሚወጣበት ቦታ ላይ ድዱን በወስፌ ወይም በሽቦ ይከፍትና ገና ያልበቀለችውን ጥርስ ፈልቅቆ ያወጣል። ነጭ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ትል ትመስላለች፤ ቤተ ሰቡ አይቶ «ይኸው!» ይላል። እትዬ እማማ የተናገሩትን ስትሰማ ሕፃኑን አንሥታ ታቀፈችው። ማታ ከእኛ ጋር ብቻዋን ስትሆን ነገረችን። ማሙሽም ሰባት ወሩ ላይ ተነቅሎለታል፤ የታች ሁለቱ። እኛ ያኔ አዲስ አበባ ነበርን፣ አልሰማንም። «ጭንቅላቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች። «በጉልበቴ መሃል።»

«ያስታውሳል ብለሽ ነው አፉን የሚዘጋው?»

«እሱማ በምን ያስታውሳል። እኔ ግን ያን ቀን ብሩሹን ስይዝ አስታወስኩ።»

የማሙሽን የታች ጥርሶች ክፍተት እኛ ፍንጭት ብለን አድንቀንለት ነበር። ሲስቅ ያምርበታል ብለን ነበር። የሕክምና ተማሪ ወዳጃችን በስልክ እንደነገረን፣ የተነካው ሥር ከሆነ በቦታው የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ወይ ጠማማ ይሆናል፣ ወይ ላይመጣ ይችላል፤ ክራንቻ ደግሞ የሚተካው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ማሙሽ ምን እንደተወሰደበት አናውቅም ማለት ነው።

ጠዋት ከእማማ ጋር ተጋጨን። መቼም ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እንዴት እንደሚናገር ታውቁታላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሕፃን ጥርስ ማስነቀልን ይከለክላል አልናቸው። «ሕጉ ልጅ አሳድጓል?» አሉን። ሕፃን በዚህ ዕድሜው መዳህና መሬት የነካውን መጉረስ ስለሚጀምር ነው ተቅማጥ የሚይዘው፣ ጥርሱም በዚያው ወራት ይመጣል፣ የተገናኙት በጊዜ ነው እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም አልናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «ላንተም ተነቅሎልሃል፤ ምን ሆንክ?» አሉን።

ይህን አናውቅም ነበር። ሳናስበው ምላሳችን ወደዚያ ሄደ። በግራ በኩል የታችኛዋ ክራንቻችን ጠማማ ናት፤ ሁልጊዜ ተፈጥሮ ናት እንል ነበር። ከዚያ ይሁን አይሁን አሁን ማንም ሊነግረን አይችልም።

እንዳንናገር ያደረገን ግን ይህ አይደለም። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «እኔ ሁለት ልጅ በዚሁ በሆድ ነገር ቀብሬአለሁ» አሉ። «ያልተነቀለላቸው እነሱ ናቸው። የቀሩት የተነቀለላቸው ናቸው። አንተ ቁጥር ተማርኩ ትላለህ፤ ቁጠረው እስቲ።»

ምን ይባላል? እኛ 514 ሚሊዮን ይዘን መጣን፤ እሳቸው ሁለት ያዙ። የእሳቸው ከበደ።

ያሸነፈ ክርክር የለም። እትዬ ዝም ብላ ሕፃኑን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ሰጧት፦ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በየጊዜው በማንኪያ እንድትሰጠው፣ ዚንኩን ቢሻለውም ሳታቋርጥ እስከ ቀኑ እንድትጨርስ፣ ጡትም እንዳትነሣው። ተመልሰን ስንመጣ እማማ ደጅ ላይ ቆመው ነበር። «እስቲ አምጪው፣ ድዱን ልየው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በዚያች ቅጽበት ማሙሽ ከየት እንደመጣ አናውቅም፤ ተንጠራርቶ የወንድሙን አፍ በመዳፉ ግጥም አድርጎ ከደነና «ጥርስ የለውም እኮ! አትፋቁት!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ «እሺ፣ አንፍቀውም» አሉት። ሰውዬው በማግስቱ አልተጠራም፤ በሠልስቱም አልተጠራም። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ። እማማ ኦ.አር.ኤስ.ም አላሉ፣ ዚንክም አላሉ፤ «ማርያም አየችው» አሉና ወደ ጥጥ መፍተላቸው ተመለሱ። እኛም አላረምናቸውም።

የማሙሽን ነገር ግን ተውነው። ብሩሹን አጥበን ከእኛው ብሩሽ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አቆምነው። ያደረግነው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ጓዳ ገብቶ መቦረሽ ትተን ደጅ ላይ፣ እማማ ፀሐይ ከሚሞቁበት ድንጋይ አጠገብ ተቀመጥን። እሳቸው በወይራቸው፣ እኛ በብሩሻችን። ሥራ ስለሌለን እንቆያለን። ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ ግቢውን ሲሸፍነው ደግሞ እርስ በርስ ሳንተያይ የምንፋቅበት ቀን ነበር፤ እንትፍ ሲሉ ብቻ እንሰማቸዋለን።

በአራተኛው ጠዋት ማሙሽ መጥቶ ፊታችን ቆመ። አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ እማማን አየ። «የኔ ዝሆንስ?» አለ። አፋችን አረፋ ሞልቶት ስለነበር ለመመለስ ዘገየን። እማማ ቀደሙን፤ ቀና ሳይሉ፣ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ፦

«አንተ ገና ነህ፤ ድድህን ትወጋለህ።»

ልጁ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ዝሆኑ ካልተሰጠኝ አለ። እኛ እማማን አየናቸው፤ እሳቸው ጉሙን ያያሉ።

ሰጠነው። የአተር ፍሬ የምታህል ኮልጌት አደረግንለት፤ ለእሱ ዕድሜ ከዚያ አይበልጥም፣ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነማ የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል ይላሉ። ግማሹን ዋጠው። በመጀመሪያ የራሱን ሳይሆን የእኛን ካልቦረሽኩ አለ፤ ከፈትንለት፤ ጠማማዋን ጥርስ አግኝቶ «ይቺ ምን ሆና ነው?» አለ። ከዚያ የራሱን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ረጅም ምራቅ ተፋ። ምራቁን ነበር የፈለገው ብለን እንጠረጥራለን። በነጋታው መጣ፤ ከነጋታው በኋላ አልመጣም፤ ከዚያ ደግሞ መጣ። እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ድረስ የኋላዎቹን ትልቅ ሰው ሊጨርስለት ይገባል፤ ያን አንድ ቀን ብቻ ነው የፈቀደልን፣ እሱም ለእናቱ ነው፣ ጉልበቷ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወለች። ማሙሽ ብሩሹን እንደ መፋቂያ አኝኮ አኝኮ ፀጉሩን በታትኖታል፤ ሌላ ይላክ ተብሏል፣ ዝሆን ከሌለው ግን አይቀበልም። ደግሞ ጠዋት እማማ ለሕፃኑ አጥሚት ሲያጠጡት ማንኪያው ቀጭ ብሏል።

«አንድ ናት ሁለት?» አልናት።

«እንጃ» አለችን። «እማማ ከጠዋት ጀምሮ አፍህን ክፈት እያሉ ሲለምኑት ነው የዋሉት። እንቢ ብሏል።»